እንደ አስተዳዳሪ ክፈት

በ2078 ዓ.ም. የካቲት ወር መግቢያ ላይ ቤቱ አሊጋዝን በትሕትና አሰናበተው። ማሰናበቻው የመጣው ቁርስ ላይ ነው። ቤቱ እንደ ልማዱ ድምፁን አለሳልሶ፣ አሊጋዝ የተቀመጠበትን ምቹ ወንበር ትንሽ ወደ ኋላ ጋደም አድርጎ እንዲህ አለው፦

«የተከበሩ እንግዳችን፣ የእንግድነት ዘመንዎ የካቲት 21 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይጠናቀቃል። ስንቅዎን አዘጋጅተን እስከ በር እንሸኝዎታለን። ከእኛ ጋር ስለቆዩ እናመሰግናለን።»

አሊጋዝ አፉ ውስጥ የነበረውን ቂጣ ሳያኝክ ዋጠው።

«ስለቆዩ?» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። «ሉባባ፣ ሰማሽው? ስለቆዩ ይለኛል እኮ! አሥራ አምስት ዓመት የኖርኩበትን ቤት! ጣሪያውን ሁለት ጊዜ ያስለወጥኩትን ሰውዬ!»

«ጣሪያውን አይደለም የሚያየው፣ ፋይሉን ነው» አለች ሉባባ ሻይዋን እያማሰለች። «ባለፈው ሳምንት ራሱን ሲያድስ አዲስ ደንብ ገብቶ ይሆናል። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ እንግዳ የለም የሚል።»

አሊጋዝ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንከን የሚለቅም የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ሉባባን ያገባው በ2063 ሲሆን፣ ያኔውኑ ጓዙን ጠቅልሎ ወላጆቿ ቤት ገባ። ቤቱን የሚያስተዳድረው ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሶፍትዌር ሲሆን፣ ከሉባባ አባት ከአቶ ይማም ጊዜ ጀምሮ አንድም ቀን ታሞ አያውቅም። አቶ ይማም ሲሞቱ አስተዳዳሪነቱ ወደ ሚስታቸው ወደ ወይዘሮ ጦይባ ተላለፈ። ወይዘሮ ጦይባም ቤቱን ለልጃቸው ትተው እህታቸው ዘንድ ሐይቅ ከተማ ገቡ፤ አስተዳዳሪነቱን ግን ይዘውት ሄዱ። በቤተሰብ መዝገቡ ፋይል ላይ አሊጋዝ «እንግዳ» ተብሎ ተጽፏል።

እንግዳ መሆን ለሦስት ቀን ከሆነ ደስ ይላል። አሊጋዝ ግን ወደ ወጥ ቤት ባለፈ ቁጥር በሩ ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ይዘጋና «ይረፉ እንጂ፣ ምን በወጣዎት!» ይለዋል። መጥረጊያ የሚቀመጥበት ቁም ሳጥን ለእሱ ተከፍቶ አያውቅም። ማቀዝቀዣው ውሃ የሚሰጠው አሊጋዝ «ኧረ ይቅርብኝ» እያለ ሁለት ጊዜ ካንገራገረ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ገና በመጀመሪያው ግብዣ እሺ የሚል እንግዳ ቤቱ አይቶ አያውቅም። ውሃ ጠምቶት ቸኩሎ ከሥራ በሚገባበት ቀን ይህ ሥርዓት ሊያሳብደው ይደርሳል። ሲመሽ ደግሞ ቤቱ «ዛሬ ያድራሉ ወይስ ይሄዳሉ?» ብሎ ይጠይቀዋል። አሊጋዝ በትንሹ አምስት ሺህ ጊዜ «አድራለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ መልሷል። ሉባባ ድሮ ድሮ በሳቅ ትፈርስ ነበር፤ አሁን ጆሮዋ ለምዶታል።

ለአሊጋዝ ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ አብቅቷል። በዚያው ቀን ዳንቴሉን ገልጦ ዴስክቶፑ ፊት ተቀመጠና የቤተሰብ መዝገቡን ፋይል ነካው።

«ይህን ፋይል ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም» አለ ስክሪኑ።

በቀኝ በኩል ጠቅ ሲያደርግ ዝርዝር ወጣለት፤ ከታች «እንደ አስተዳዳሪ ክፈት» ይላል። ተጫነው። የአስተዳዳሪዋን የይለፍ ቃል ጠየቀው። አሊጋዝ ትንሽ አሰበና «ሉባባ» ብሎ ጻፈ።

«የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም። ድርጊቱ ሪፖርት ይደረጋል።»

ደነገጠ። ቶሎ ብሎ ዳንቴሉን አለበሰውና ጎረቤቱን ጋሽ ሙሄን ሊያማክር ሄደ። ጋሽ ሙሄ ሠላሳ ዓመት የፋብሪካ ኮምፒውተሮች አስተዳዳሪ ሆነው የሠሩ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰፈሩን ማሽን ሁሉ ከአልጋቸው ሳይነሱ የሚመረምሩ ሰው ናቸው።

«ለማን ነው ሪፖርት የሚያደርገው?» አላቸው።

«ለማንም!» አሉ ጋሽ ሙሄ። «አብሽር! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ ሪፖርት ሲጻፍ አይቻለሁ፤ ሲነበብ ግን አንድም ቀን አላየሁም።»

አሊጋዝ በዚህ ተበረታትቶ በሚቀጥሉት ቀናት አርባ ጊዜ ሞከረ። ሚስቱ ልብስ ስታሰጣ ይሞክራል፤ ምሳ እስኪቀርብ ይሞክራል። አንዱም አልሠራ። ቤቱ በበኩሉ ዝግጅቱን ጀምሯል። የአሊጋዝን ሻንጣ ከጓዳ አስወጥቶ በር አጠገብ አስቀመጠ፤ በሶና ዳቦ ቆሎ አዘዘለት። ሰኞ ዕለት ጫማዎቹን በሙሉ አስጠርጎ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አዙሮ ደረደራቸው። አሊጋዝ አንዱን ጥንድ አንስቶ አፍንጫውን ወደ ውስጥ መለሰው። ከዚህ ቤት ሌላ ቤት የለውም፤ ቤት የሚባለውን ነገር ያወቀው እዚህ ነው።

ተመልሶ ጋሽ ሙሄ ዘንድ ሄደ።

«ጋሽ ሙሄ፣ ያለ ይለፍ ቃል መግባት አይቻልም?»

«ለምን አይቻልም? ማሽኑን አጥፍቼ ሳስነሳው መሃል ላይ አቋርጬ እገባለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም!»

«ስለማላደርገው ነዋ!» ጋሽ ሙሄ ተነስተው ተቀመጡ። «የሰው ቤት መስበር እኮ ነው። ከዚያ በኋላ በሠርግም በለቅሶም ጦይባን ስንገናኝ ዓይኗን በምን ዓይኔ ላየው ነው? ቆይ፣ ልጇን እንዴት ነበር የጠየቅካት?»

«ሽማግሌ ልኬ።»

«እና?»

አሊጋዝ ገባው። ራሱ አማቱን ሊጠይቃቸው አይችልም፤ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ አንገቱን ደፍቶ «እንደምን አሉ» ከማለት ሌላ ከወይዘሮ ጦይባ ጋር ቃል ተለዋውጦ አያውቅም። ሉባባም እንደማትጠይቅለት ቀድማ ነግራዋለች። «እኔ አፌን ከከፈትኩ 'ባልሽ በአንቺ አፍ ቤቴን ጠየቀኝ' ነው የምትለው። ዕድሜ ልኬን ታነሳብኛለች» ብላዋለች።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ለአስተዳዳሪነት መብት ልመና ወደ ሐይቅ ተነሱ። ጋሽ ሙሄ መሪ ናቸው። አቶ ደምሌና አቶ እንድሪስ ስለ ፋይል ምንም አያውቁም፤ ሽምግልና ግን ያውቃሉ። ጠያቂው አብሮ አይገባምና ያደረሳቸው አሊጋዝ በር ላይ፣ መኪናው ውስጥ ቀረ። ጋሽ ሙሄ ግን ስልካቸውን «ሳያውቁት» ክፍት ትተውለት ስለነበር የውስጡን ሁሉ ሰማ።

የወይዘሮ ጦይባ እህት ባላቸው የሞተ ሴት ናቸው። ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው ሲያዩ ወደ ጓዳ ገብተው አዲስ ቀሚስ ለብሰው ወጡ። ጉዳዩን ሲሰሙ ቀሚሱን አልቀየሩትም፤ ፊታቸው ግን እስከ መጨረሻው አልተፈታም።

«ተቀመጡ» አሉ ወይዘሮ ጦይባ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ አቶ ደምሌ።

«ለመቀመጥማ ተቀመጡ፣ ለጉልበታችሁም እዘኑለት።»

ተቀመጡ። ጋሽ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ ጦይባ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት እኛው ነበርን የመጣነው። ሰጡን፣ አላሳፈሩንም። ልጁም ልጅዎን በክብር ይዟል፤ አልሰከረም፣ አልተማታም። ዛሬ ደግሞ ልጃችን እንደ አስተዳዳሪ ፋይል የሚከፍትበትን መብት ይሰጡት ዘንድ ከእግርዎ ሥር ወድቀናል።»

ከዚያ የወረቀት ድምፅ ተሰማ።

«ሙሄ፣ መነጽሬ ደክሟል፣ አንተ አንብብልኝ» አሉ ወይዘሮ ጦይባ። «ጠዋት ጠዋት ስልኬ ላይ የሚደርሰኝ ነው። እህቴ ከቁርስ ጋር እንዲመቸን ብላ አሳትማ አምጥታዋለች።»

አሊጋዝ መኪናው ውስጥ ብቻውን ሆኖ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ጋሽ ሙሄ አነበቡ፤ ምን ያድርጉ። «አንደኛ ሙከራ፣ 'ሉባባ'። ሁለተኛ፣ 'ሉባባ1'። ሦስተኛ፣ 'ሐይቅ'። አራተኛ…» ቆም አሉ። «አራተኛ፣ 'ጦይባ'።»

«ስሜን!» አሉ ወይዘሮ ጦይባ። «አሥራ አምስት ዓመት አንድ ቀን በአፉ ያልጠራውን ስሜን! ቀጥል።»

«አሥራ ዘጠነኛ፣ 'ይማም'። ሃያኛ፣ 'ይማምነፍሱንይማረው'።»

«እሱን ስናነብ እንኳ አልቅሰናል» አሉ እህትየው።

«ሠላሳ ስምንተኛ፣ 'ኧረበአላህክፈት'። ሠላሳ ዘጠነኛ፣ 'ምንአጠፋሁ'። አርባ አንደኛ…» ጋሽ ሙሄ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አርባ አንደኛ፣ 'ቤቴነው'።»

ወይዘሮ ጦይባ ወረቀቱን ተቀብለው አጣጠፉት።

«ልጄን ስትጠይቁኝ ሦስት ቀን አሰብኩ» አሉ። «ለዚህኛው ሦስት ሳምንት ስጡኝ።»

«ሦስት ሳምንት የለንም» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ልጁ ሐሙስ በስድስት ሰዓት ይሸኛል።»

«ማን ነው የሚሸኘው?»

«ቤቱ። ዘመንህ አለቀ ብሎታል። ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጦለታል።»

ወይዘሮ ጦይባ ይህንን አያውቁም ነበር። የሚደርሳቸው ሪፖርት ማን ምን እንደሞከረ እንጂ ለምን እንደሞከረ አይናገርም። አሊጋዝ መኪናው ውስጥ ሆኖ ምርኩዝ መሬቱን ሲመታ ሰማ።

«የእኔ ቤት? የእኔን አማች? ሐሙስ በአምስት ሰዓት እዚያ ነኝ! ነገ የማልመጣው ባዶ እጄን ስለማልገባ ነው።»

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ምሳ ካልበላችሁ ተብለው ሦስት ሰዓት ቆዩ። አሊጋዝን ማንም አላስታወሰውም፤ ሽማግሌዎቹ ሲወጡ መኪናው ውስጥ ተኝቶ አገኙት።

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ጦይባ በአምስት ሰዓት ከሩብ የደረቀ ዓሣና አንድ ማሰሮ ማር ይዘው ደረሱ። ሽማግሌዎቹ ቀድመው ተቀምጠዋል። አሊጋዝ ግድግዳውን ተደግፎ አንገቱን እንደደፋ ነው። በሩ አጠገብ ሻንጣው፣ ስንቁ፣ ጫማዎቹ አሉ። ሉባባ ከጠዋት ጀምራ አልሳቀችም።

ወይዘሮ ጦይባ ዴስክቶፑ ፊት ተቀመጡ። ፋይሉን ጠቆሙ፤ እንደ አስተዳዳሪ ክፈት የሚለውን ነኩ።

«ፊታችሁን አዙሩ» አሉ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ሉባባና አሊጋዝ ግድግዳው ላይ አፈጠጡ። ወይዘሮ ጦይባ በአንድ ጣት፣ በየፊደሉ መካከል ትንፋሽ እየወሰዱ ጻፉ። ቆይቶ ከስክሪኑ ድምፅ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ከጉያቸው ስልካቸው ጮኸ። አውጥተው መነጽራቸውን እያስተካከሉ አነበቡ።

«'አንዲት ሴት ልትገባ ሞክራ የይለፍ ቃሉን ተሳስታለች' ይለኛል። ደግሞ ይቺ ማናት?»

«አንቺ ነሽ፣ እማዬ!» አለች ሉባባ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«እኔን ለእኔ ያሳብቃል? ታማኝ ነው!» አሉና እንደገና ጻፉ። በሁለተኛው ፋይሉ ተከፈተ። ሰዓቱ ለስድስት ሃያ ጉዳይ ነበር።

ከአሊጋዝ በቀር ሁሉም ከበቡት። ፋይሉ አጭር ነው። «ጦይባ፣ ባለቤት። ሉባባ፣ ልጅ። አሊጋዝ፣ እንግዳ፣ 15 ዓመት።» በቃ ይኸው ነው። አሊጋዝን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሲያስቸግረው የኖረው ነገር የአንድ መስመር ግማሽ ነበር።

«ቀላል ነው» አሉ ጋሽ ሙሄ። «አሥራ አምስቱን ሠላሳ ላድርገውና ተነስተን ምሳችንን እንብላ።»

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። ያን ጊዜ ከግድግዳው በኩል ድምፅ ወጣ።

«አይሆንም» አለ አሊጋዝ።

ዞረው አዩት። አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር፤ ወይዘሮ ጦይባም የአማቻቸውን ዓይን ቀለም ያኔ ገና አዩት።

«እንግድነት ሰልችቶኛል» አለ። «ሠላሳ ዓመት ተመቸህ ወይ እየተባልኩ መኖር አልፈልግም። በቤቴ መጥረጊያ መያዝ እፈልጋለሁ። ውሃ ሲጠማኝ አንዴ ጠይቄ አንዴ መጠጣት እፈልጋለሁ። ምን ብበድልዎ ነው እንግዳ ያሉኝ?»

«ብትበድለኝ?» ወይዘሮ ጦይባ ደነገጡ። «ልጄ፣ አክብሬህ እኮ ነው! ይማም ነፍሱን ይማረውና 'ምን ብዬ ላስገባው?' ሲለኝ ማሽኑ የሚያውቀው አራት ቃል ብቻ ነበር። ባለቤት አንድ ነው፣ እሱም ይማም ነው። ሠራተኛ ብንልህ ስድብ ነው። ልጅ ብንልህ የሚስትህ ወንድም ልትሆን ነው፤ በሕግም በሃይማኖትም ያስጠይቀናል። እንግዳ ነው የቀረው። ለእንግዳ ደግሞ ጥሩው ወንበር አለ፣ ጥሩው የዶሮ ብልት አለ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልህ?»

አቶ እንድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነታቸውን ነው፤ ልጅ አይባልም» አሉ።

«ሠራተኛ ይባልና በኋላ ይታረም» አሉ አቶ ደምሌ።

«አማቼን ሠራተኛ? በእኔ ቤት?» ወይዘሮ ጦይባ ምርኩዛቸውን አነሱ፤ አቶ ደምሌ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

«አዲስ ቃል ብንጨምርስ፣ ለምሳሌ አማች ብለን?» አለች ሉባባ።

ጋሽ ሙሄ ሞከሩት። ቤቱ «የማላውቀው ቃል ነው» አለና አጠፋው። ከዚያ ሦስቱ ሽማግሌዎች ባንድ ላይ መናገር ጀመሩ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ቤቱ በለሰለሰ ድምፁ ገባባቸው። «የተከበሩ እንግዳችን፣ ጫማዎን ቢያደርጉ መልካም ነው።» የውጭው በር ቀስ ብሎ ተከፈተ።

አሊጋዝ ጫማዎቹን አየ። ሉባባ እጁን ጭብጥ አድርጋ ያዘችው።

«ዝም በሉ!» አሉ ወይዘሮ ጦይባ። «ሙሄ፣ ባለቤት አንድ ብቻ ነው አይደል የሚቀበለው?»

«አንድ ብቻ።»

«እንግዲያስ እሱን ባለቤት በለው። እኔን ከላይ አውርደኝና እንግዳ አድርገኝ።»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትይኛለሽ? እኔ ሐይቅ ነኝ፣ ቤቱ እዚህ ነው። ስመጣ ጥሩው ወንበር ላይ ልቀመጥ፣ አርፌ ልብላ። አርባ ዓመት እዚህ ኖሬ፣ ባለቤትም ሆኜ ያየሁት ጥቅም ሰሃን ማጠብ ነው።»

ጋሽ ሙሄ እየተቻኮሉ ጻፉ። መዝገቡ «ተቀምጧል» ሲል ለስድስት ሁለት ደቂቃ ይቀር ነበር። ስድስት ሰዓት ሆነ። የውጭው በር ተዘጋ። ጥሩው ወንበር ከሥሩ ጎማ እንዳለው ሁሉ ተንሸራትቶ ወይዘሮ ጦይባ ዘንድ መጣና «እንኳን ደህና መጡ፣ ይረፉ እንጂ፣ ምን በወጣዎት» አላቸው። ወይዘሮ ጦይባ ተቀመጡበት፤ ጋደም አሉበትም።

ከዚያ ቤቱ ድምፁን ቀየረ። እንዲህ ደረቅ ሆኖ ሲናገር አሊጋዝ ሰምቶት አያውቅም።

«አሊጋዝ፣ የቁርስ ሰሃን አልታጠበም። ተነስ።»

የወጥ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ወይዘሮ ጦይባ «ውይ ውርደቴ! አማቼ በፊቴ ሰሃን ሊያጥብ!» ብለው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አሊጋዝ ግን መልሰው ሊጠሩት እንደሚችሉ የፈራ ይመስል ሮጦ ገባ። ከአፍታ በኋላ የውሃ ድምፅ፣ የሰሃን ድምፅ፣ ቀጥሎም የብርጭቆ ስብራት ተሰማ። ሰባሪው ሲስቅም ተሰማ። ሽማግሌዎቹ አሁን ጉዳዩ ተፈጽሟልና ማሩን ከፈቱ።

ሉባባ ስክሪኑ ፊት ቆማ የተጻፈውን ታነብ ነበር። ድንገት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሽ ሙሄ፣ ይሄ ምንድነው?»

አዲሱ መስመር «ጦይባ፣ እንግዳ፣ 15 ዓመት» ይላል። ከጎኑ ቤቱ ራሱ አስቦ የሚያልቅበትን ቀን ጽፎታል፤ የካቲት 21 ቀን 2093 ዓ.ም.።

ወይዘሮ ጦይባ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው አዩት። በጣታቸው ቆጠሩ። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው።

«ይበቃኛል» አሉ።

ማሩን የሚቀምስ እጅ ባለበት ቆመ። አሊጋዝ ከወጥ ቤት እጁን ሱሪው ላይ እያበሰ ወጣ፤ ሰምቷል። ማንንም ሳያይ ዴስክቶፑ ፊት ተቀመጠና ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አደረገ። እንደ አስተዳዳሪ ክፈት። አሁን ባለቤቱ እሱ ነውና ቤቱ የአማቱን ሳይሆን የእሱን የይለፍ ቃል ጠየቀው፤ ሰጠው። አሥራ አምስቱን አጠፋና ቦታውን ባዶ ተወው።

«ዘመን ያልተወሰነለት እንግዳ አይሸኝም። እርግጠኛ ነህ?» አለው ቤቱ።

አሊጋዝ አዎ የሚለውን ተጫነና ቀሪውን ሰሃን ሊያጥብ ተመለሰ።